አምስት ሺህ ከረጢት አሳትሜ ደንበኞቼ ጠፉብኝ

ኮሰረት (ጠያቂ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ከእናቴ ጋር ኮተቤ አካባቢ የባልትና ሥራ ከጀመርን ስድስት ዓመት ሆኖናል። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮና ሚጥሚጣ እናዘጋጃለን፤ በጾም ወቅት የሱፍና የተልባ ዱቄት እንጨምራለን። የምናስረክበው ለአምስት የሰፈር ሱቆች ሲሆን ቀሪው በስልክ ለሚያዝዙን ደንበኞች ነው። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ የድርጅቱን ስም አልጽፍም።

ባለፈው የገና ባዛር ላይ ቆሜ የሌሎቹን ዕቃ ሳይ በራሳችን አፈርኩ። እኛ የምንሸጠው ውስጡን በሚያሳይ ተራ ባለክዳን የፕላስቲክ ዕቃ ነበር። አጠገቤ የቆሙት ግን የሚያብረቀርቅ ከረጢት፣ አርማ፣ ባነርና አንድ ዓይነት ሸሚዝ የለበሱ ሠራተኞች ነበሯቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። በ15,000 ብር አርማ አሠራሁ፤ ጥቁር መደብ ላይ በወርቃማ ቀለም መሶብና የበርበሬ ዛላ፣ ስማችን በላቲን ፊደል በትልቁ፣ ከሥሩ በአማርኛ በትንሹ። ማተሚያ ቤቱ ከአምስት ሺህ በታች አልቀበልም ስላለኝ አምስት ሺህ አሳተምኩ። 60,000 ብር ወጣበት።

ይኸው አራት ወር ሆነ፣ ሽያጫችን በግማሽ ወርዷል። ከሁሉ የከነከነኝ የአንዱ ባለሱቅ ወሬ ነው። «ሰዎቹ የእናንተን በርበሬ ይጠይቁኛል። አውጥቼ ሳሳያቸው ይህ አይደለም፣ የድሮዋን ስጠኝ ይሉኛል። ያው ናት ብላቸው አያምኑኝም» አለኝ። በርበሬው እኮ ያው ነው! ያው የማረቆ ዛላ፣ ያው ወፍጮ፣ ያው የእናቴ እጅ።

ምን ልለውጥ? አርማውን ወይስ ስሙን? 3,900 ያህል ከረጢት ሳሎን ውስጥ ተቆልሎ ያየኛል።


ንድፍ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

የግራፊክ ባለሙያ ነኝ፤ ስለዚህ ለሙያ አጋሬ ላደላ እችል ይሆናል፣ አስቀድሜ ልናገር። ጥቁርና ወርቃማ የሽቶና የውስኪ ልብስ ነው። በርበሬ ራሱ ቀለም ሆኖ ሳለ በጥቁር መሸፈን ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አርማውን ስታሠሪ ለባለሙያው ምን ብለሽ ነገርሽው?


ኮሰረት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

«ዘመናዊ ይሁን» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ አላልኩም። ሦስት አማራጭ አመጣ፣ እህቴና እኔ አንዱን መረጥን። እናቴ «እኔ አላውቅበትም፣ እናንተ እንደወደዳችሁ» ብላ ወጥ ቤት ገባች።


ደረሰኝ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

አርማ፣ ቀለም፣ ምናምን... የሒሳብ ሰው ነኝና የሚታየኝ ሌላ ነው። የከረጢቱን 12 ብር ማን ከፈለው? ዋጋ ጨምራችሁ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው። ሰው አርማ አይቀቅልም።


ኮሰረት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡11

ኪሎው ላይ 40 ብር ጨምረናል። ግን በዚያው ሰሞን በርበሬ በሁሉም ዘንድ ጨምሯል፤ ከሌሎቹ አሁንም እናንሳለን። ደግሞ ሰዎቹ «ተወደደ» ቢሉ ይገባኝ ነበር። የሚሉት «ይህ አይደለም» ነው።


የገርጂዋ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እኔ ነጋዴ አይደለሁም፣ በርበሬ ገዢ ነኝ። የገዢ ነገር ልንገርሽ። የእኛ ሰው በርበሬ ሲገዛ አንድ ፍርሃት ይዞ ነው የሚሄደው፦ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ይሆን? የተፈጨ የሸክላ ጡብ፣ ቀይ አፈር፣ ቀለም ስንት ጊዜ ሲወራ ሰምተናል። ስለዚህ መጀመሪያ ዓይኔን ነው የማምነው። ትንሽ መዳፌ ላይ አድርጌ በአውራ ጣቴ አሸዋለሁ። ጥሩ በርበሬ ወዙ ጣት ላይ ይቀራል፣ ሽታው ኮረሪማውንና ነጭ ሽንኩርቱን ይዞ ይመጣል። አፈር ያለበት ግን ጣት ሥር ይንኮሻኮሻል። ቀጥሎ መቼ እንደተፈጨ እጠይቃለሁ፣ የቆየ በርበሬ ቀለሙ ይገረጣልና።

አንቺ ታዲያ ምን አደረግሽ? በሚያሳየው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የነበረውን በርበሬ ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ዘጋሽበት። እኔ ብሆን አልገዛሽም ነበር፤ ክፉ ሰው ስለሆንሽ ሳይሆን የማየውን ስለከለከልሽኝ።


ባለታፔላው — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። የሁላችሁንም አነበብኩ። አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ። የድሮው ዕቃ ላይ ምን ነበር?


ኮሰረት — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

እንደምን አደሩ ጋሼ። ምንም አልነበረበትም ማለት ይቻላል። ውስጡን የሚያሳይ ተራ ዕቃ፣ ክዳኑ ቀይ። ሌላ ቀለም ስለማያመጡልን ሁልጊዜ ቀይ ነበር። ክዳኑና ዕቃው እንዳይላቀቁ እናቴ ነጭ ፕላስተር ትለጥፍበታለች፣ በፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ የተፈጨበትን ቀን ትጽፋለች። ለምሳሌ «ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12»። ከጎኑ ደግሞ ፀ ትጽፋለች፣ የስሟ መጀመሪያ ናት። ወፍጮ ቤት የሰው እንዳይቀላቀል ስትል የጀመረችው ነገር ነው። ይኸው ነው።


ባለታፔላው — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ይኸው ነው ትያለሽ። ልጄ፣ አንቺ የጣልሽውን ሌላው ስንት ሺህ ብር ከፍሎ ይፈልገዋል።

እኔ ሠላሳ ዓመት ታፔላ ጽፌአለሁ፤ በብሩሽና በዘይት ቀለም። ኮምፒውተር ሲመጣ እኔም ትንሽ ማተሚያ ከፍቼ ባነርና ስቲከር ወደ ማተሙ ዞርኩ። በብሩሹ ዘመን አንድ ጊዜ ቄራ አካባቢ ላለ ሥጋ ቤት በሬ ስስል መሰላሉ ተንሸራተተና የበሬው አንድ ቀንድ ተቆርጦ ቀረ። ባለቤቱ ተቆጣ፣ ግማሽ ክፍያዬንም ያዘ። በወሩ እመለሳለሁ፣ አስተካክልልሃለሁ ብዬ ሳልመለስ ዓመት አለፈ። ስሄድ ሰውየው በር ላይ ተቀብሎኝ «እንዳትነካው!» አለኝ። የሰፈሩ ሰው ቤቱን ቀንደ ሰባራው ብሎት ነበር። «ቀንደ ሰባራው ጋ እንገናኝ» ይባባላሉ። የያዘብኝንም ግማሽ ክፍያ ሰጠኝ፣ ከነጥብሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታፔላ ሊያሠራ የሚመጣውን ሰው ሁሉ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ሱቅ ስትልክ የአንተን ዕቃ ምን ብላ ታስመጣዋለች? ማንበብ ያልለመደ ልጅ ባለሱቁ ፊት ቆሞ በአንድ ትንፋሽ የሚናገረው ነገር አለህ? ካለህ ምልክት አለህ። ከሌለህ ወርቅ ቀለም ብቀባልህም የለህም። ጊዮርጊስ ቢራን አስቢው፤ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ፈረሱ፣ ጦሩና ዘንዶው እያሉ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም አይስተውም።

የአንቺን ዕቃ ሲያስመጡ ምን ይሉ እንደነበር ባለሱቁን ሄደሽ ጠይቂው። እኔ አሁን መገመት እችላለሁ፣ ግን ከእሱ ስሚው።


ጀበና — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

የጋሼ ነገር ቶሞካን አስታወሰኝ። ፒያሳ ያለው ቤት ከ1953 ጀምሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቡና ይቆላል። ስሙ የሦስት የጣሊያንኛ ቃላት ምኅጻር ነው፤ ትርጉሙ «ዘመናዊ ቡና መቁያ» እንደማለት ነው። ከመቶ ጠጪ አንዱ እንኳን ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰው የሚያውቀው መንገዱ ላይ የሚደርሰውን የሚቆላ ቡና ሽታና ቆሞ መጠጣትን ነው። «ዘመናዊ» የሚለው ቃል እዚያም ነበረ፣ ግን ስሙን ያቆመው እሱ አልሆነም።


ኮሰረት — ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ 10፡15

ጋሼ፣ ሄጄ ጠየቅሁ። ሦስት ሱቆች ጋ።

አንደኛው፦ «ባለ ቀይ ክዳኗን ነው የሚሉት።» ሁለተኛው፦ «ቀን የተጻፈባትን።» ሦስተኛዋ ባለሱቅ ሳቀችና «ልጆቹ ፀዋን ስጪኝ ነው የሚሉኝ። እኔማ የድርጅታችሁ ስም እሱ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። የከፈልኩበትን ስም ከሦስቱ አንዳቸውም አልጠሩትም።

መንገድ ላይ እያለሁ አለቀስኩ ብል ትስቁብኛላችሁ።


ደረሰኝ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ 10፡40

አልስቅም። ስለ ዋጋው የጻፍኩትን አነሣለሁ። ባይሆን ሒሳቡን ልሥራልሽ፦ የአርማውም የከረጢቱም 75,000 ብር ወጥቷል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። «ይህን ያህል ከፍዬበት እንዴት እጥለዋለሁ» ብለሽ ቀሪዎቹን 3,900 ለመጨረስ ስትይ በግማሽ ሽያጭ ሌላ ዓመት ብትገፊ ኪሳራው ከከረጢቱ ዋጋ ይበልጣል። ውሳኔሽ ከነገ ጀምሮ የሚገባና የሚወጣ ገንዘብ ላይ ብቻ ይመሥረት።


አንቀጽ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ነገሩ ወደ ጥሩ ስፍራ እየሄደ ነው፤ እኔ ደግሞ የሚያስፈራውን ልጨምር። ኮሰረት፣ ይህች ፀ እና ቀይ ክዳኗ በሕግ የማን ናቸው?


ኮሰረት — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡36

የእኛ ነዋ! ንግድ ፈቃድ አለን፣ ስማችንም ተመዝግቧል።


አንቀጽ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ያስመዘገብሽው የንግድ ስም ነው፤ እሱ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚመራ ነው፣ ነጋዴዋን ይለያል። ዕቃው ላይ የሚለጠፈው የንግድ ምልክት ሌላ ነው፤ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው፣ የሚመዘገበውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። አንዱን መያዝ ሌላውን መያዝ ማለት አይደለም። የምልክት ባለቤትነት በሦስተኛ ወገኖች ላይ የሚጸናው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ ነው። «እኔ ስድስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ» የሚለው ክርክር ሲቪል ችሎት ድረስ ሊያስኬድሽ ይችላል፤ ወረቀቱ ያለው ሰው ግን ከአንቺ ቀድሞ ይተኛል።

አዋጁ ምልክት ብሎ የሚቀበለው የሚታይን ነገር ነው፦ ቃል፣ ንድፍ፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም፣ የዕቃው ወይም የማሸጊያው ቅርጽ፣ ወይም የእነዚህ ጥምረት። ፊደል በግልጽ ተጠቅሷል። ነገር ግን ማንም በኮምፒውተር የሚጽፋት ተራ ፀ ብቻዋን ደካማ ናት፤ የአንዱን ዕቃ ከሌላው መለየት አለባትና። የእናትሽ እጅ ጽሑፍ፣ ከቀይ ክዳኑና ከነጩ ፕላስተር ጋር አንድ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ጉልበት ይኖራታል። በተቃራኒው «ምርጥ በርበሬ» ወይም «ንጹሕ ሽሮ» ብሎ ምልክት ላስመዝግብ ማለት ድካም ነው፤ ዕቃውን የሚገልጽ ቃል የሁሉም ነው። ሰንደቅ ዓላማም ያለ ፈቃድ አይሆንም፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለምትደረድሩ ሁሉ።

ቅመማ ቅመምና ዱቄት በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ምድብ 30 ውስጥ ናቸው፤ በርበሬሽንም ሽሮሽንም በአንድ ምድብ ታመለክቻለሽ። ምዝገባው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ከመመዝገቡ በፊት ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ የሚል ማስታወቂያ ይወጣል፤ አንቺም የሌሎቹን ማስታወቂያ መከታተል ልመጂ።

አንድ የቤት ነገር ልጨምር፣ አትቀየሚኝ። ፊደሏ የእናትሽ ስም ናት፣ የንግድ ፈቃዱ ግን ምናልባት በአንቺ ስም ነው። እህትም አለችሽ። ምልክቱ በማን ስም እንደሚመዘገብ ዛሬ እየተሳሳቃችሁ ተነጋገሩ። ሳይነጋገሩ የቀሩ ቤተሰቦች በኋላ ሲነጋገሩ በጠበቃ በኩል ሲሆን አይቻለሁ።


ጀበና — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

አንቀጽ፣ ቡናዬን «ይርጋጨፌ» ብዬ ማስመዝገብ እችላለሁ?


አንቀጽ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ለብቻህ? አይሆንም። የቦታ ስም ነው፤ ጎረቤትህም ከዚያው ያመጣል። የራስህን ምልክት አበጅ፣ ይርጋጨፌን መነሻውን ለመግለጽ ብቻ ጻፈው፤ ቡናው በእርግጥ የዚያ ከሆነ።


ሲልቨር ስፕሪንግ — ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7፡05

እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ የሐበሻ ሱቅ አለኝ። ይርጋጨፌ ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች እዚህ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ ከስታርባክስም ጋር ብዙ አተካራ ሆነ፤ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ያኔ እዚህ ያለን ሰዎች ስለ ስም ዋጋ የተማርነው ትልቅ ትምህርት ነበር። ቡናው ሁልጊዜም የእኛ ነበር፤ ክርክሩ የነበረው ስሙ የማን ነው በሚለው ላይ ነው።

ወደ ኮሰረት ልመለስ። እኔ ሱቅ በሻንጣ የሚመጣ በርበሬ አይሸጥም፣ በሕጉም አይቻልም። ግን ሰዎች ዘመድ ያመጣላቸውን በርበሬ ይዘው መጥተው «እንዲህ ያለ አለህ?» ይሉኛል። የሚያሳዩኝ ምን መሰለሽ? የእናት እጅ ጽሑፍ ያለበት ፌስታል። «የአልማዝ፣ ለሰሎሞን፣ ሚጥሚጣ።» መደርደሪያዬ ላይ ስንት ያሸበረቀ ማሸጊያ እያለ የሚመኙት ያንን ነው። ወደ ውጭ መላክ ሲመጣ መለያው ላይ በእንግሊዝኛ ይዘቱ ተዘርዝሮ፣ ክብደቱም በግራምና በአውንስ መጻፍ አለበት፤ የእናትሽ ፕላስተር ያንን አይተካም። ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሆኑ እኔ አልጠላም።


ንድፍ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሁላችሁም ወደ ፕላስተር ልትመልሷት ነው? እኔ አልስማማም። ሙያውን ለመከላከል ብቻ አይደለም። እስክሪብቶ በእርጥብ እጅ ሲነካ ይፈሳል። ፕላስተር በሙቀት ይላቀቃል። ነገ ሱፐርማርኬት ቢጠይቃት ባርኮድ የት ላይ ይለጠፋል? ደግሞ እናቷ በወር 600 ዕቃ ላይ እየጻፉ እስከ መቼ ይዘልቃሉ?

ስህተቱ አርማ ማሠራቷ ላይ አይመስለኝም። ባለሙያው የነበረውን ሳይጠይቅ ከባዶ ጀመረ፣ እሷም የነበራትን አልነገረችውም። «ዘመናዊ ይሁን» ብላ የላከችውን ያህል ተሠራላት። ስለዚህ አሁን እንደገና በትክክል እንሥራው፦

እናትሽ በነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም ጥቁር ማርከር ፀ ብለው ሃያ ጊዜ ይጻፉ። ተጠንቅቀው ከሚጽፏቸው ከመጀመሪያዎቹ አምስት ይልቅ ሰልችቷቸው ከሚጽፏቸው መካከል ነው ጥሩዋ የምትገኘው። እሷን ስካን አድርጎ ወደ ቬክተር መለወጥ ነው፤ ቬክተር ማለት ከክዳን እስከ ታፔላ ቢለጠጥ የማይበላሽ ፋይል ነው። ባለሙያ ስታሠሪ ዋናውን ፋይል መቀበልሽንና ሥራው ለአንቺ መተላለፉን በጽሑፍ ያዢ። በቴሌግራም የተላከ ጄፔግ (ተራ የምስል ፋይል) ብቻ ይዘው የቀሩ ስንት ደንበኞች ወደ እኔ መጥተዋል።

ፀ ክብ ናት፣ መሐሏ መስመር አለባት። በትንሽ መጠን ስትታተም መስመሯ ከክቡ ጋር ትጣበቅና ጥቁር ነጠብጣብ ትሆናለች። ስለዚህ ለትንሽ ማኅተም የሚሆን ቀጠን ያለ ሌላ ዝርያ ይዘጋጅላት። የቀረውን ጽሑፍ ደግሞ እባካችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር በመጣው ኒያላ ፊደል አታድርጉት፤ ከቀብር ማስታወቂያ እስከ ፒዛ ቤት ድረስ ሁሉም ነገር በእሱ ተጽፏል። እና አማርኛው በትልቁ ይሁን። ደንበኛሽ ኮተቤ እያለ ላቲኑ ለማን ነው?

ስለ ላቲኑ ካነሣን፣ በፀ የሚጀምር ስም በላቲን ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ? አንዱ በቲ እና ኤስ፣ ሌላው በቲ እና ዜድ፣ ሌላው በኤስ ብቻ። በአማርኛም ቢሆን ግማሹ ሰው ጸሎቱን በጸ ግማሹ በፀ ይጽፈዋል። በስልክ ስምሽን ፈልጎ የሚያጣሽ ደንበኛ ብዛቱ አይታወቅም። አንዱን አጻጻፍ ምረጪና በሁሉም ቦታ፣ በቴሌግራምም በታፔላም፣ እሱን ብቻ ተጠቀሚ።


የገርጂዋ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡50

ንድፍ ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር አታትሙብኝ፦ ቀኑን። ቀኑ በእጅ ይጻፍ። የታተመ ቀን ማሽን የጻፈው ነው፣ በእጅ የተጻፈ ቀን ግን አንድ ሰው በዚያ ዕለት በዕቃው አጠገብ እንደነበረ ይነግረኛል። እኔ የምገዛው እሱን ነው።


ባለታፔላው — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ደግ ተናገርሽ። ንድፍም ልጄ፣ ቁጣህ ጥሩ ነው።

እንግዲህ የሥራውን ልንገር። ከረጢቱ ለምን አምስት ሺህ እንደተባለ አውቃለሁ፤ ያ ዓይነት ኅትመት ለእያንዳንዱ ቀለም የተቀረጸ ሲሊንደር ይፈልጋል፣ ሲሊንደሩ ውድ ነው፣ በትንሽ ብዛት አያዋጣም። ለትንሽ ነጋዴ መንገዱ ሌላ ነው፦ ያልታተመ ዕቃ ግዢ፣ መለያውን በስቲከር አድርጊ። ስቲከር በሁለት መቶም በሦስት መቶም ይታተማል፣ ስህተት ከተገኘ ኪሳራው የአንድ ቀን ምሳ ነው። ቀዩን ደግሞ ከስክሪን ላይ አትምረጪ። በስልክ የሚታየው ቀይ ወረቀት ላይ ሲመጣ ወደ ጡብ ያደላል፤ አንቺ ደግሞ ከጡብ መራቅ ነው ያለብሽ። ክዳኑን ራሱን ይዘሽ ማተሚያ ቤት ሂጂና «ይህን አምጡልኝ» በያቸው። የሙከራ ኅትመት ሳታዪ አትክፈዪ።

ለ3,900ው ከረጢት፦ ለምግብ ቤቶች በብዛት የምትሸጪ ከሆነ በእሱ ላኪ። ምግብ ቤት የሚገዛው ከአንቺ በቀጥታ ነው፣ ማሸጊያውን አያይም። በሱቅ በኩል ግን አንድም አታውጪ።

ስም ከመጠን በላይ ሲታወቅም ችግር አለው፣ ይህን በጨዋታ መልክ ልጨምር። «ሃይላንድ ስጠኝ» ስትሉት ባለሱቁ የየትኛውን ፋብሪካ ውኃ ነው የሚያነሣው? ያገኘውን። የልብስ ሳሙና ዱቄትም ሁሉ ኦሞ ነው። ባለቤቶቹ ስሙን ለሕዝብ ሰጥተው ገበያውን ለጎረቤት አካፈሉት። ልጆቹ «ፀዋን ስጪኝ» ሲሉ ሌላ ሰው በርበሬ ላይ ፀ ጽፎ እንዳይሰጣቸው አንቀጽ ያለሽን ዛሬ ጀምሪ።


ደረሰኝ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡55

«ከጡብ መራቅ» ... ጋሼ ዛሬ ተነሥተዋል።


ኮሰረት — ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡00

ጠፍቼ ቆየሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እናቴ መጀመሪያ እምቢ አለች። «የእኔ ፊደል ያስቃል፣ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ሰው ቤት እንዴት ይገባል» ብላ ማርከሩን አልነካም አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ሲገባ እንደኖረ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና ሃያውን ጻፈች። ንድፍ እንዳለው ነው የሆነው፦ የተመረጠችው አሥራ ሰባተኛዋ ናት። መሐሏ ያለችው መስመር ወደ ላይ ታዘነብላለች፣ ግራ ጎኗ ትንሽ ተከፍቶ ቀርቷል። የሠራልን ልጅ ክፍተቱን ሊዘጋው ነበር፤ የጋሼን በሬ አስታውሼ ከለከልኩት።

አሁን ዕቃው የድሮው ነው፣ ክዳኑ ቀይ። ከክዳኑ ወደ ዕቃው የሚወርድ ነጭ ስቲከር አለ፣ ላዩ ላይ ፀ በቀይ፣ ከሥሯ ባዶ መስመር። በባዶው መስመር ላይ ቀኑ በእጅ ይጻፋል። ጎኑ ላይ ደግሞ ይዘቱ፣ ክብደቱ፣ ስልካችንና የድርጅቱ ስም በአማርኛ። ሦስት መቶ አሳተምን፤ መጀመሪያ የመጣው ቀይ ልክ ጋሼ እንዳሉት ጡብ ነበር፣ መለስነው። የምልክት ማመልከቻውም ገብቷል፣ በእናቴ ስም። እህቴ ትንሽ አኮረፈች፣ አልፏል።

ሽያጩ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ከአምስቱ ሱቆች አንዱ በእኛ ቦታ የሌላ ሰው በርበሬ ስላስገባ አልቀበልም ብሏል። ሦስቱ ላይ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ አልቆ እንደገና ጠይቀዋል። ያቺ የሳቀችዋ ባለሱቅ ዕቃውን ስታይ «ከጉዞ ተመለሰች?» ነው ያለችኝ።

አዲስ ጭቅጭቅ ግን አለን። እናቴ የምትጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፦ «ማክሰኞ፣ ኅዳር 3»። አንድ ሱፐርማርኬት ዕቃውን ወድዶ የምርቱም ሆነ የአገልግሎት ማብቂያው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ አለ። እናቴ ደግሞ «እኔ የማላውቀውን ቀን አልጽፍም» አለች። ምን ላድርግ?


ንድፍ — እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡25

የሱፐርማርኬቱን ቀን ጎኑ ላይ፣ ከባርኮዱ አጠገብ በማኅተም ምቺ። የቀን ማኅተም ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ይገኛል። የፊቱን አትንኪ፣ የእሳቸው ነው።


የገርጂዋ — እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

የማክሰኞው ካልተሸጠ አንድ ኪሎ ያዢልኝ። የት እንደምመጣ በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ።